«ሥራ ያለው ይሁን»

ምክር ሊጠይቅ መጥቶ መልሱን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ያንገበግበኛል። ሰሞኑን አንድ የቅርብ ዘመዴ በጠዋት ደወለ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የዲፓርትመንት ምርጫ ልትሞላ ነው። «አንተ ያለፍክበት ነገር ነውና እስቲ ምከራት» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን «ብቻ አንተ ያጠናኸውን እንዳትመክራት፤ ሥራ ያለው ይሁን» ብሎ ጨመረበት።

እኔ ያጠናሁት ታሪክ ነው።

ልጅቷ ምን አጠፋች? በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው፤ እርሷ አንዷ ናት። ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና የሚበልጠው ግማሹን ሳያመጣ ሲቀር እርሷ አልፋ ገባች። ቤተሰቡ ግን «ሶሻል መሆኗ ነው እንጂ» እያለ አንገቱን ደፋ። የተመደበችበትም ከትልልቆቹ አንዱ ሳይሆን በቅርብ ዓመታት ከተከፈቱት አነስተኛ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። የከተማውን ስም ስትነግራቸው አክስቷ «እሱ ደግሞ በየት በኩል ነው?» አሉ። ጂኦግራፊ ምንም ሥራ የለውም ብለው ከዝርዝሩ ያስወጡት እኒሁ አክስት ናቸው።

እሁድ ቡና ተፈልቶ ጉባኤው ተቀመጠ። አባት «ኢኮኖሚክስ» አለ፤ በእርሱ ዓለም የሰው ልጅ ሁሉ መጨረሻ ባንክ ነው። እናት ሕግ ብትወድም አምስት ዓመት መሆኑን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ሳይኮሎጂ ሲነሳ «እብድ ልታስታምም ነው?» ተባለ። ሶሲዮሎጂ ስለ ምን እንደሆነ ልጅቷ ለማስረዳት ሞከረች። «ስለ ማኅበረሰብ» አለች። «እሱንማ እኛም እናውቀዋለን» ብለው ጎረቤት ሁለተኛውን ስኒ አነሱ።

ታውቃላችሁ? የዕድራችን ስብሰባ ባለፈው ወር ድንኳን ማን ይሸከም በሚል ክርክር ሦስት ሰዓት ፈጅቶ ሳይስማማ ተበተነ። ዶናልድ ሌቪን የሚባሉት አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተነሥተው የዕድሜያቸውን እኩሌታ እኛን ሲያጠኑ ኖረዋል። እኛን ማጥናት ለእርሳቸው ሙያ ሆነ፤ ለእኛ ልጅ ግን ሥራ የለውም።

በዚህ ላይ ጉባኤው ያላወቀው ነገር ምርጫው ምርጫ አለመሆኑን ነው። ተማሪው ሁሉ ከላይ ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግ ብሎ ይደረድራል። ዲፓርትመንቱ የሚቀበለው ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ምደባው ደግሞ በዋናነት በአንደኛ ዓመቱ ውጤት ነው። አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ዝርዝሩም አጭር ነው፤ የተመረጠው ዲፓርትመንት በቂ ተማሪ ካላገኘ ጭራሽ ላይከፈት ይችላል። ከሒሳብ ሸሽቶ ሶሻል የገባውም አንደኛ ዓመት ላይ ሒሳብ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

አያቴ «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» የሚል ተረት ይወዱ ነበር። ለሙሽራ ይሉታል፣ ለቀሚስ ይሉታል፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት ሳገላብጥ ለእኔም ብለውኛል። እኔም እወደዋለሁ። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተረቱ የሚወድቀው ሰው ራሱ እንደ መረጠ አድርጎ ይናገራል። አባት፣ እናት፣ አክስትና ጎረቤት መርጠውለት የሚወድቀውን ሰው አያቴ ምን ይሉት ነበር?

ከጉባኤው ዋናውን ሰው ረስቻለሁ። የእናቷ ወንድም ኢንጂነር ነው። ስሙን ብቻውን ጠርቶት የሚያውቅ የለም፤ በሠርግም በለቅሶም «ኢንጂነር እዚህ ይቀመጥ» ነው። እኔ ታሪክ ተምሬ ወንበር ራሴ እፈልጋለሁ። ይህ ቂም አሮጌ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይሂድ ብሎ ወሰነ። የእኛ ክፍል ኃላፊ ይህን ሰምተው «ጎበዞች ወደዚህ፣ ሶሻሎች ወደዚያ» ብለው ከሁለት ሲከፍሉን ኢንጂነሩ ጎበዞቹ ዘንድ ቆሞ እጁን አወዛወዘልኝ። አሁንም ሲያየኝ እንደዚያው ያወዛውዛል። እሁድ ዕለት ሲኒውን አስቀምጦ «ታሪክ ያለፈ ነገር ነው፤ ያለፈ ነገር ምን ይሠራል?» አለ። ሁሉም ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ከአዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ደባርቅ አለ፣ እንጅባራ አለ፣ መቅደላ አምባ አለ። መቅደላ ካልሁ ዘንድ ዝም አልልም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት 44 ዝሆን ከሕንድ አስመጥቷል። ከመድፉና ከዝሆኑ ጋር ምን ይዞ መጣ? ጂኦግራፈር! ክሌመንትስ ማርክሃም ይባላል። ሌላስ? ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው። ለጦርነት ሲወጣ የታሪክና የጂኦግራፊ ሰው ደመወዝ ከፍሎ የሚያስከትል መንግሥት «ሥራ አለው ወይ?» ብሎ ቡና ላይ አልተከራከረም። ንጉሡ ከወደቁ በኋላ ሆልምስ የአቡኑን የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር ላይ በ4 ፓውንድ ገዛ። የቀረውን ዝርፊያ ለመጫን 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ እንዳስፈለገ ይነገራል። ብራናዎቻችን ዛሬም ለንደን ተቀምጠዋል፤ እነሱን ለማንበብ ፈረንጅ ግእዝ ይማራል። እኛ ደግሞ በመቅደላ ስም ዩኒቨርሲቲ ከፍተን ልጃችን ታሪክ እንዳይደርሳት ስለት እንሳላለን። ያለፈ ነገር ምን ይሠራል? እንዲህ ይሠራል፣ ኢንጂነር!

ይህን እዚያው መናገር ነበረብኝ፤ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ሰው ተነሣ።

ሥራው ራሱ የታለና ነው ደግሞ! የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቆማችሁ አንብቡ። «በኢኮኖሚክስ፣ በማኔጅመንት ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ፤ የሥራ ልምድ 0 ዓመት፤ ብዛት 2» ይላል። ከሰሌዳው ሥር የቆሙት ግን ኢኮኖሚክስ ሥራ አለው ተብለው የተላኩት የየቤቱ ልጆች ናቸው። ቀድሞ «ምን ሥራ አለው?» ይሉ የነበሩት ቤተሰቦቻቸው አሁን «ሰው የለሽም?» ይሏቸዋል። በሰው የሚገባ ከሆነ ታሪክስ ምን በደለ?

ለማንኛውም ምክር ተጠይቄያለሁና መስጠት አለብኝ። ምርጫው የሚዘጋው ዓርብ ስለሆነ ሐሙስ ማታ ለልጅቷ ለራሷ ደወልሁ። የመቅደላውን፣ የዝሆኖቹን፣ የማርክሃምን ነገር በሰፊው ነገርኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ፤ በሎጂክ ጥሩ ውጤት ያመጣች ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ አጎቴ ኢንጂነር እኮ ትናንት ሞልቶታል» አለችኝ። «የይለፍ ቃሉ እሱ ጋር ነው።»

«አንደኛ ምርጫሽ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ኢኮኖሚክስ ይመስለኛል» አለች። «ሌላውን አላየሁትም።»