ውዳሴ ለበር ድረስ አድራሾች

የደሴ ወላጅ ይመስገን! ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ ደህና ስም ካለው ከየትኛውም ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማችሁ እዩት። ማሻአላህ ነው። ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ፒክአፕ፣ ዶልፊን፣ ባጃጅ፣ አልፎ አልፎም አሸዋ ሊያራግፍ ሲሄድ በስህተት እዚህ መሃል የገባ አይሱዙ፣ ሁሉም አፍንጫውን ወደ አንዲት የብረት በር አዙሮ ተገትሯል። ሁሉም አራቱንም ፍሬቻ አብርቷል። ፍሬቻ ያበራ ሰው መሃል መንገድ ላይ መቆም ይፈቀድለታላ! ሕጉን ተጽፎ አላየሁትም፤ ግን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን።

ይህ ፍቅር ነው። ፍቅር ባይሆን ኖሮ፣ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ሊነካካ ምንም ያልቀረው ሰውዬ ልጁን በመኪና ባላመጣ። መኪናዋን ከግቢ ለማውጣት ብቻ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ፣ ስንት ጊዜ ወደ ፊት ይላል። ከዚያ ይዞራል፤ በላይኛው ሰፈር አድርጎ በታችኛው ይመለሳል። ለምን ቢባል፣ ልጁ መንገድ ሳያቋርጥ በበሩ በኩል እንዲወርድ ነዋ። በእግሩ ቢለቀው ኖሮ ልጁ ይሄኔ ባንዲራ አሰቅሎ ክፍል ገብቶ ነበር። ግን ምን ዋጋ አለው? ባለመኪና መሆኑን ማን ያውቅለታል?

ባለፈው ሰሞን በዚያ በኩል በእግሬ ሳልፍ፣ አንዲት ነጭ ቪትዝ ውስጥ እናትና ልጅ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ልጅቷ ሦስተኛ ክፍል ብትሆን ነው። በሩ ቁልጭ ብሎ ይታያታል። ዘበኛውም ይታያታል። ጓደኛዋ እጇን እያውለበለበች ስትገባም አየቻት።

«እማ፣ ወርጄ ልሂድ?»

«አርፈሽ ተቀመጪ! መኪናውን አታዪውም? ይገጭሻል!»

የቱን መኪና ነው ብዬ እኔም ዞር ዞር አልኩ። ከፊቷ ያለው ልጅ ያመጣ አባት ነው። ከኋላዋ ያለችው ልጅ ያመጣች እናት ናት። ከጎኗ ደርቦ የቆመው ደግሞ የወንድሙን ልጆች ያመጣ አጎት ነው። ለካ ይህ ሁሉ መኪና የተሰበሰበው ልጆችን ከመኪና ለማዳን ኖሯል። ከዚህ በላይ ጥንቃቄ ከየት ይመጣል?

በዚህ መሃል ከጦሳ ተራራ በኩል ቁልቁል የመጡ ልጆች፣ ሦስትም አራትም ሆነው፣ እየተሳሳቁ በመኪኖቹ መካከል ሹልክ ሹልክ እያሉ ያልፋሉ። አንዱ ዳቦውን እየገመጠ ነው። አንዷ ባለፈችበት በቦርሳዋ የቪትዟን ስፖኪዮ አጠፈችው። እናትየው ክላክስ አደረገች። ከኋላ ያሉትም ምክንያቱን ሳይጠይቁ አጀቧት። ደወሉ ተደወለ። በእግር የመጡት ተሰልፈዋል። ቪትዟ ውስጥ ያለችው ልጅ አሁንም በሩን እያየች ነው።

ኮንትራት ባጃጅን ካላነሳሁ ደግሞ ውዳሴው ጎዶሎ ይሆናል። ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው እንድትጭን የተሠራች ናት። ልጅ ግን ሰው ውስጥ አይቆጠርም መሰለኝ። ከኋላ ተደራርበው፣ ከሾፌሩ ግራና ቀኝ ተለጥፈው፣ ቦርሳቸው ከውጭ ተንጠልጥሎ ይመጣሉ። ደሴ መቼም ከዳገትና ከቁልቁለት ሌላ የላትም። ዳገቱ ጋ ባጃጇ ማቃሰት ስትጀምር «ትልልቆቹ ውረዱ፣ ግፉ!» ይባላል። ይህንን እንኳ አልነቅፍም። ልጆቹ በቀን ውስጥ የሚያገኙት ስፖርት እሱ ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትማ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ላብ በሚያወጣ እንቅስቃሴ ያሳልፍ ይላል። ቤቱ አንድ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ልጅ ሞቅ አድርጎ ከተራመደ፣ ደርሶ መልሱ ግማሽ ሰዓት ይሆንለታል። ከታዘዘለት ግማሹ በነጻ መጣ ማለት ነው። እኛ ግን በነጻ የመጣ ነገር አንወድም። ነዳጅ ተሰልፈን እንቀዳለን፤ ልጁን ወንበር ላይ አስረን እናመላልሰዋለን፤ ማታ ደግሞ «ይሄ ልጅ ስልክ ላይ ተጥዶ ዋለ» ብለን ለእንግዳ እናማዋለን።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ አካባቢ በልጅነቱ አስር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ ስለሚሮጥ፣ ያ የክንዱ አያያዝ ዓለም ሲያጨበጭብለት እንኳ አልለቀቀውም። ምስኪን! ያኔ ኮንትራት ባጃጅ ቢኖር ክንዱም ተስተካክሎ ያድግ ነበር፤ አትላንታና ሲድኒ ድረስ ሄዶም ባልተንከራተተ።

ለጭሱም ምስጋና ይድረስ። ሞተር የማያጠፋው ወላጅ ብዙ ነው። የሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ከፍታ ብርድ ነውና ማሞቂያ ያስፈልጋል። የትንሽ ልጅ አፍንጫ ከጭስ ማውጫው ብዙም ከፍ አይልም፤ ልጅ ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ነው የሚተነፍሰው። ስለዚህ በእግሩ የመጣው ልጅ ከመኪናችን የሚደርሰውን ድርሻ አያጣም። ጭሱ ላይ ዳገት ይዞ የቆመ መኪና የፍሪሲዮን ሽታ ሲጨመርበት፣ የደሴ ጠዋት እንዴት እንደሚያውድ የቀመሰ ያውቀዋል።

የፍቅራችን ትልቁ ማስረጃ ግን ከበሩ ከተለየን በኋላ ነው የሚታየው። የራሳችንን ልጅ እስክናወርድ በኤሊ እርምጃ ሄደናል። አሁን ሥራ ረፍዷል። ልጅ በሚበዛበት መንገድ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳያልፍ የሚመክሩ አሉ። እነሱ ቢሮ ፊርማ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮባቸው አያውቅም። የእኛ ልጅ ገብታለች፤ መንገድ ላይ የቀረው የሰው ልጅ ነው። እንግዲህ ሦስተኛ ማርሽ!

ፍርሃቱ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ እዚህ ላይ መቀለዱን ትንሽ ልተወው። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የሚመጣው ዋና መንገድ ከተማችንን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ነው ወደ ሐይቅና ወልዲያ የሚያልፈው። ከነተሳቢው ያልፍበታል፣ ሲኖትራክ ያልፍበታል፣ ልጅም ያልፍበታል። የእግረኛው መንገድ ላይ አንዱ ጠጠር ከምሯል፣ ሌላው የሱቁን ዕቃ ዘርግቷል። ዜብራው ከተቀባ ቆይቷል፤ ቀለሙ ያለበትም ቦታ ቢሆን የሚቆምልህ ሾፌር ካገኘህ ዱአ አድርግለት። እናት ብትፈራ እውነት አላት። ብልህ ሰው ታዲያ ከዚህ ሁሉ ምን ይማራል? በዚሁ መንገድ ላይ አንድ መኪና ይጨምራል።

አንዳንድ የማይረቡ ሐሳቦችም ይሰማሉ። መንገድ የሠራልን ጣሊያን፣ ፍሬቻውንም ፍሪሲዮኑንም ስፖኪዮውንም ከነስሙ ትቶልን የሄደው ጣሊያን፣ በአገሩ ቦልዛኖ የምትባል ከተማ አለችው። እዚያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት በትምህርት ቤቶች ደጃፍ ያለውን መንገድ ለጥቂት ደቂቃ ለመኪና ይዘጉታል። ለጥቂት ደቂቃ! እኛ ያለ ምንም አጥርና ያለ ምንም ትራፊክ ፖሊስ ያንኑ መንገድ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዘግተን እንውላለን፤ ማንም ግን አልጻፈልንም።

ሌላው ሐሳብ ደግሞ ልጁን ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ቀድሞ አውርዶ ቀሪውን በእግሩ ይሂድ የሚል ነው። እና ሰው ምን ይበል? ነዳጅ አለቀበት ይባል?

ከሁሉ የገረመኝ ግን የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው፣ አንድ አዋቂ በተራ እየመራቸው በእግር ይሂዱ የሚለው ነው። እንዴት ይሆናል? በእርግጥ ወሎ ውስጥ ቡና ዛሬ በእነ እገሌ ቤት፣ ነገ በእነ እገሊት ቤት እያልን ተራ እናወጣለን። እድር እንሰበስባለን፤ ለቅሶ በተራ እናድራለን፤ ሠርግ ሲመጣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ድንኳኑን አብሮ ይተክላል። ልጅን በተራ ማድረስ ግን ከባድ ነገር ነው። ኮሚቴ ይፈልጋል። ኮሚቴው አበል ይፈልጋል። ለአበሉ የሚሰበሰበው ስብሰባ ደግሞ ጠዋት ነው፤ ጠዋት እኛ በር ላይ ተሰልፈናል።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ሌላ ነው። የትምህርት ቤቱ በር ይስፋ። መኪና በቀጥታ ሜዳው ላይ ይግባ፤ የባንዲራ ሰልፉም ከነመኪናው ይሁን፣ መዝሙሩን በክላክስ እንከተላለን። ቀጥሎ የክፍሎቹ ግድግዳ በአንድ በኩል ይፍረስና ልጁ ከኋላ ወንበር በቀጥታ ወደ ዴስኩ ይሻገር። ምድር ላይ ላሉት ክፍሎች በቂ ነው። ፎቅ ላይ ለሚማሩት ግን መወጣጫው የግድ በደንብ መታሰብ አለበት፤ ቁልቁል የሚመጣውና ሽቅብ የሚወጣው እዚያ መሃል ከተፋጠጡ ማን ለማን ወደ ኋላ እንደሚመለስ ከአሁኑ ካልተስማማን አጉል ጸብ ነው።