ስድስት ወሩን አውቀነዋል፤ ድስቱስ?

ባለፈው ነሐሴ መንዝ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ፣ አንድ የሰባት ወር ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ሆኖ አጥሚት ሲጠጣ አየሁ። አጥሚት ለማለት ያህል ነው እንጂ ቅራሪ ይመስላል፤ ከሲኒው ሲወርድ ዱካ እንኳ አይተውም። ጓዳ ውስጥ ጭድ ላይ አምስት እንቁላል ተቀምጧል። «ለልጁስ?» ብዬ ብጠይቅ እናትየዋ ደነገጠች። «በፍልሰታ? ድስቱ ይነካል እኮ፣ ጋሼ!»

ይህችን ወጣት ቸልተኛ የሚላት ቢኖር እኔ አልስማማም። እንገሯን አጥብታለች፤ ቅቤ አላላሰችም፤ ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡቷ በቀር ጠብታ ውሃ አልሰጠችውም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ያለቻትን ሁሉ አድርጋለች። በአማቷ ዘመን አራስ ልጅ ቅቤ ይልሳል፣ ሆዱን ሲነፋው የአብሽ ውሃ ይቀምሳል፣ በአራተኛው ወር ምግብ ይጀምራል። በአራት ወሩ ነገር አሮጊቷ ብዙም አይወቀሱም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ «ከአራት እስከ ስድስት ወር» ይል የነበረውን ምክር «ስድስት ወር» ብሎ የቆረጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ነው።

ስለ ስድስት ወሩ ያስተማርነውን ያህል ከስድስት ወሩ በኋላ ስለሚበላው አላስተማርንም። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በአገር ደረጃ ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት 59 በመቶው ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ግን በዓይነትም በመጠንም የሚገባቸውን ያገኙት 11 በመቶ ናቸው። በዚያው ዳሰሳ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 በመቶው ቀንጭረው ነበር። ያ ሕፃን ያለው ደግሞ በዚሁ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ ነው! መንዝ ገብስና ባቄላ፣ ምንጃር ጤፍና ሽምብራ፣ ሸዋ ሮቢት ማሾ በሚታፈስበት አገር።

ችግሩ ውሃው ላይ ነው። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሆዱ የሚይዘው ሩብ ሊትር ገደማ ነው። ያን በቀጭን አጥሚት ከሞላነው ጠግቦ ይተኛል፣ ግን ተርቧል። በማኅፀን ያከማቸው ብረትም በስድስት ወሩ ገደማ እየተሟጠጠ ነው፤ የእናቱ ጡት ብቻውን አይተካለትም። ከማንኪያ የማይፈስ ገንፎ ያስፈልገዋል፣ መጀመሪያ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሦስት አራት ጊዜ፣ ጡቱም ሳይቋረጥ። ማር ግን ዓመት ሳይሞላው አይቀመስም።

«ወፍራም ገንፎ አይውጥልኝም» የሚሉ እናቶች እውነታቸውን ነው። መፍትሔው ደግሞ ከደጃቸው አይርቅም፤ ብቅል ነው። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ብቅል እህሉን ምን እንደሚያደርገው ነጋሪ አያሻትም። በፀሐይ ከደረቀ፣ ሻጋታ ካልነካው የገብስ ብቅል ትንሽ ዱቄት ወፍራሙ ገንፎ ላይ ጣል ተደርጎ ሲማሰል፣ ውሃ ሳይጨመር ይላላል። ከዚያ እንደገና ማፍላት ነው። እህሉ እንዳለ ነው፤ ልጁ ግን ይውጠዋል። እኔ ያየሁት አንድ ጤና ኬላ ግድግዳ ላይ ግን የተለጠፈው የብርቱካንና የዓሣ ሥዕል ነበር። መንዝ ላይ ዓሣ!

ወደ እንቁላሉ ልመለስ። ለጨው፣ ለሳሙና የምትሆን፣ ሴቲቱ ማንንም ሳታስፈቅድ የምታወጣት ገንዘብ የእንቁላሏ ናት። ስለዚህ «እንቁላሉን ለልጁ ስጪው» ማለት ለእኛ ይቀለናል። የጾሙ ነገር ግን ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሰባት ወር ሕፃን ይጹም አላለችም። እናትየዋም ልጁን ልታስጾም አልፈለገችም፤ የፈራችው ለዕቃው ነው። ፍልሰታ 15 ቀን ነው፣ ይታለፋል እንበል። ሁዳዴ ግን 55 ቀን ነው፤ ለሰባት ወር ልጅ የዕድሜው ሩብ መሆኑ ነው። ረቡዕና ዓርቡን ሳንቆጥር። ባለሙያዋ ይህን መቶ ጊዜ ብትናገር የንስሐ አባት አንድ ጊዜ የተናገሩትን ያህል አይሰማላትም። ቄሶቻችን ከክርስትናው በኋላ ድግሱ ላይ ሲቀመጡ ለእናትየዋ አንድ ቃል ቢነግሯት፣ «ለልጁ ዕቃ ለይተሽ የፍስኩን ስጪው» ቢሏት፣ ከግድግዳው ሥዕል ይበልጥ ነበር።

ያን ዕለት ይህንኑ ለአማትየዋ አወራኋቸው። ብዙ አልመለሱልኝም። ተነሥተው ጓዳ ገቡና አፏ የተሸረፈች ትንሽ ምንቸት ይዘው ወጡ፤ «ይቺ የእሱ ትሁን» አሉ። ከአምስቱ እንቁላል አራቱ ገበያ ሄደ።