ማስተካከያ፦ ስለመጻፍ ያልኳችሁን ላርመው
ወገን ባለፈው ሳምንት በልጅነታችሁ የደረሰባችሁን ነገር ማታ ማታ እያለቀሳችሁም ቢሆን እስኪወጣላችሁ ጻፉት ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ በጣም ይቅርታ። እዚሁ ደሴ ያለች እህታችን እንዳልኩት ብላ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስትጽፍ አምሽታ እጇ እየተንቀጠቀጠ እስክሪብቶ መያዝ አቃታት፣ በነጋታው ሱቋንም አልከፈተችም።

ፔኔቤከር የሚባለው ሳይኮሎጂስት ስለደረሰባቸው ክፉ ነገር ሰዎችን አስጽፎ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ጥናት የጻፉት የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፣ እሱም በቀን 15 ደቂቃ ለ4 ቀን ብቻ፣ ደግሞ ወዲያው እንደጨረሱ ስሜታቸው ከፋ እንጂ አልቀለላቸውም፣ ይሄን ሳልነግራችሁ ማለፌ ነው የቆጨኝ።

ስለዚህ በቀን፣ ቤት ውስጥ ሰው እያለ ጻፉ፣ አላርም ሙሉና ሲጮህ ደብተሩን ዝጉት። ልባችሁ በኃይል ከመታ ወይ ሰውነታችሁ ከደነዘዘ ግን አላርሙንም አትጠብቁ፣ እግራችሁን መሬት አስረግጡ፣ የሞቀ ስኒ በሁለት እጅ ያዙ፣ በመስኮት የጦሳን ተራራ እያያችሁ ያለሁት ዛሬ ነው በሉ።

እንቅልፍ ካጣችሁ ወይ ራሴን ልጉዳ የሚል ሀሳብ ከመጣ የደብተር ነገር አይደለም፣ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና አለ፣ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ዛሬውኑ ሂዱ።

የበፊቱን የላካችሁለት ሰው ካለ ይቺንም ላኩለት፣ አብሽሩ።