ሳፋውን ማን ያንሳው?

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። የቤቱ ባለቤት ሃምሳዎቹን ያጋመሱ እናት ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። ወገባቸውን ከታመሙ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ያን ቀን ረከቦቱ ፊት ለመቀመጥ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ፣ ሌላውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ወረዱ። ክርክሩ ከዚያ ተነሳ።

«አሁንም አልተሻለሽም?» አሉ ጋሼ። ጋሼ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ስንቴ ልንገርሽ? ወጌሻ ዘንድ ሂጂ። የጅቡቲ መንገድ ወገቤን ሲቆርጠኝ ማን አዳነኝ? ወጌሻና ፍልውሃ! እቴጌ ጣይቱስ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ እየታጠቡ አይደል እንዴ አዲስ አበባን የቆረቆሩት?» ሸሚዛቸውን ገለጥ አድርገው ሰፊ የወገብ ቀበቶ አሳዩን። «ይቺም አለችኝ።»

አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት ፋርማሲስት ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ስማር ሆስፒታል ውስጥ ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው እጅ ደም አጥቶ የተቆረጠ ሕፃን አይቻለሁ። እኔ ማንንም ወጌሻ ዘንድ ሂድ አልልም።»

«ስብራትና የወገብ ሕመም አንድ ነው እንዴ? እኔን እኮ በቅቤ አሸኝ እንጂ አላሰረኝም!» ጋሼ ቆጣ አሉ።

እትዬ ሁለቱንም ዝም አሰኟቸው። «እኔ ያላደረግሁት የለም» አሉ። «ታሽቻለሁ፣ ጠበል ተጠምቄያለሁ፣ ፍልውሃ ተመላልሻለሁ። ሲብስብኝ ዲክሎ እወጋለሁ። ሁለት ቀን ሰው እሆናለሁ። ከዚያ ያው ነው።»

ልጁ ሲኒውን አስቀመጠ። «ሲብስብኝ ማለት በወር ስንት ጊዜ ነው?»

«እኔ እንጃ። አራት፣ አምስት።»

«እትዬ፣ ደም ግፊት አለብዎት እኮ!» ደነገጠ። ዲክሎፌናክ ሲደጋገም ጨጓራን እንደሚያቆስል፣ ኩላሊትን እንደሚጎዳ፣ ግፊትን እንደሚጨምር ነገራቸው። ያለ ማዘዣ ትራማዶል ስጠን እያሉ ስለሚለምኑት ሰዎችም አወራ፤ ለወገብ ብለው ጀምረው ያለሱ ማደር ያቃታቸው አሉ። ይህን ሲናገር ከልቡ ነበር፤ ወደድኩት። የሚቀጥለው ግን ከአፉ ባይወጣ ይሻል ነበር። «ኤምአርአይ ተነስተዋል?» አለ።

«ተነስቻለሁ። በአከርካሪ አጥንቶቼ መሃል ያለው ዲስክ ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ለቀዶ ጥገና አያደርስም አሉኝ።»

«በቃ፣ እንግዲያው አብዛኛው ጭንቀት ነው።»

የእትዬ ፊት ተለወጠ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ስዋሽ ነበር ማለት ነው?» ከዚያ በኋላ ለትንሽ ጊዜ የተሰማው የከሰሉ ድምፅ ብቻ ነው።

እስከዚያ ያልተናገረችው የጋሼ የእህት ልጅ ናት። ፊዚዮቴራፒስት ናት፣ ገና ሦስት ዓመት የሠራች። «አይዋሹም እትዬ» አለች። «ሕመሙ እውነት ነው። ምንም ከማያማቸው የሃምሳ ዓመት ሰዎች እንኳ 60 በመቶ የሚሆኑት ኤምአርአይ ቢነሱ ዲስካቸው ወጣ ብሎ ይታያል። ይህን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 የ3 ሺህ እና ከዚያ በላይ ሰዎችን ፎቶ ሰብስበው አይተውታል። ስለዚህ ፎቶው የእርስዎን ሕመም አያስረዳም፤ የለም ብሎ ለመካድም አይበቃም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያመኝ?»

«ሌባ የገባበት ግቢ ውሻ አይተው ያውቃሉ? ሌባው ከሄደ ከወር በኋላም ቅጠል ሲወድቅ ይጮኻል። ሦስት ወር ያለፈው ሕመም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ነርቩ ጥበቃውን አጥብቆት ይቀራል። እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ሐሳብ ሲበዛ ደግሞ ይብስበታል። ጭንቀት ሕመሙን ያጎላዋል እንጂ አልፈጠረውም።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ እትዬ» አለ። ጋሼ ግን አሸነፍኩ ብለው ፈገግ አሉ። «በይ እንግዲህ ስለ ወጌሻ ንገሪው!»

«መታሸት ያስታግሳል፤ እውነትዎን ነው። ስንጋጭ ቦታውን ወዲያው የምናሸው ለምን ይመስልዎታል? የመዳበሱ ስሜት የሕመሙን መንገድ ይሻማዋል። ሜልዛክና ዎል የሚባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ስለዚህ ጽፈዋል። የፍልውሃ ሙቀትም ጡንቻ ያፍታታል። ቀበቶውን ግን ይተዉት።»

«ምን?»

«የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም መመሪያ አውጥቷል። እንቅስቃሴን፣ ማሸትን፣ ስለ ሕመሙ መማርን ይደግፋል። ቀበቶንና ወገብን መጎተትን አይመክርም። ኦፒዮይድ የሚባሉትን ጠንካራ ማስታገሻዎችም እንደዚያው፤ ትራማዶል ከእነሱ አንዱ ነው።»

ጋሼ ቀበቷቸውን በሸሚዛቸው ሸፈኑ እንጂ አልፈቱም። አሥራ ሁለት ዓመት የታጠቁትን በአንድ ሲኒ ቡና ያስፈታል ብዬም አልጠበቅሁም።

ከዚያ ልጅቷ ሌሎቻችን ያልጠየቅነውን ጠየቀች። «እትዬ፣ በጣም የሚብስብዎት መቼ ነው?»

«እሑድና ሰኞ።»

«ቅዳሜ ምን ይሠራሉ?»

ቅዳሜ ልብስ ያጥባሉ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያማቸው የሰነበተ ወገብ ቅዳሜ ጠዋት ቀለል ይልላቸዋል። ዛሬማ ደህና ነኝ ብለው አንሶላውን፣ ጋቢውን፣ የልጆቹን ጂንስ ይዘፈዝፋሉ። ሳፋው ላይ አጎንብሰው ሦስት ሰዓት። ጨምቀው፣ ተሸክመው ወጥተው ገመድ ላይ ያሰጣሉ። ማታ መርፌ። እሑድ አልጋ። ማክሰኞ ቀና ይላሉ፣ ቅዳሜ እንደገና።

«እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ» አለች። «ሃያ ደቂቃ አጥበው ያቁሙ። ባያምዎትም ያቁሙ። ሕመሙ በቃሽ እስኪልዎት አይጠብቁ፤ ሰዓቱ ይበልዎት። ሳፋውን ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት። የቀረውን ለማግሥቱ። በየቀኑ ደግሞ አሥር ደቂቃ ይራመዱ፤ ሲሻልዎትም ሲብስዎትም ያው አሥር ደቂቃ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ደቂቃ እንጨምራለን። ፍልውሃ ሲሄዱም መጥተው አይተኙ፤ ሰውነትዎ በተፍታታበት ሰዓት ይንቀሳቀሱበት።»

እትዬ አዳምጠው ጨረሱ። «ሃያ ደቂቃ አጥቤ ባቆምስ» አሉ፣ «የቀረውን ማን ይጨርሰዋል?»

ማንም አልመለሰም። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ጓዳ ውስጥ ኳስ እያዩ ነበር። አንዱ ሃያ አራት፣ አንዱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ከዚያ ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ነገሩን ሳሰላስለው ሰነበትኩ። ጋሼ ስለ እጅና ስለ ሙቀት ልክ ናቸው። ልጁም ስለ መርፌው ልክ ነው። ሲወጣ በር ላይ የነገራቸውም ሊያዝ የሚገባው ነው፦ እግር ከዛለ፣ ሽንት አልቆጣጠር ካለ፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ከመጣ፣ ሰውነት ካለ ምክንያት ከከሳ መታሸቱንም መጠበቁንም ትቶ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው። የአከርካሪ ቲቢ እኛ አገር ብርቅ አይደለም። እኔ ግን የምፈርደው ለልጅቷ ነው። «ዳኑ ወይስ አልዳኑም?» ብላ አልጠየቀችም። ቀናቸው እንዴት እንደሚውል ጠየቀች። እትዬ ስድስት ዓመት መድኃኒት ሲቀያይሩ ቅዳሜያቸውን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ከእሷ የምለየው አንድ ቦታ ላይ ነው። ምክሩን ለእትዬ ብቻ ሰጠችው። መሥራትን ከፋፍሎ ማቆም የታማሚው ችሎታ ነው ይባላል። ነው፤ ግን የቆመውን ሥራ የሚያነሳ ሰው ከሌለ እናት አታቆምም። ስለዚህ ያ ትምህርት ጓዳ ላሉት ልጆችም ይገባ ነበር። በዚያው ሳምንት ትልቁን መንገድ ላይ አግኝቼ ነገርኩት። ምን አገባህ እንዳይለኝ ፈርቼ ነበር፤ አላለኝም። «ጠዋት ደህና ስለምትሆን ያልፋል ብለን ነው» አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ በቤታቸው አለፍኩ። ትንሹ ልጅ ጋቢውን ከወንድሙ ጋር እየጠመዘዘ ነበር። እትዬ በሩ ላይ በነጠላ ቆመው ለመራመድ ሊወጡ ነው።

«ወገብዎ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«አለ» አሉኝ። «ይኸው አብረን ልንወጣ ነው።»