ደንገሉስ?

ስለ ጣና ሐይቅ የወጣው ጽሑፍ እምቦጭን፣ ያንን ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ መጤ አረም፣ ስለማጥፋት ዘመቻ ብቻ አወራ። ደግ ነው፤ ግን የጣና ዳር ደንገል፣ ያ ረጅሙ የረግረግ ተክል (ፓፒረስ)፣ የት ገባ? በልጅነቴ ባሕር ዳር ታንኳ በታንኳ ነበር፤ የሚሠራውም ከደንገል ነው። ዛሬ ደንገል ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ሆኗል።

የርብና የጉማራ ወንዞች ከደጋው ጠርገው ወደ ጣና የሚያመጡትን ደለል ይዞ የሚያስቀረው ደንገል የሚበቅልበት የሐይቁ ዳር ረግረግ ነው። እሱ ሲታረስ አፈሩም ማዳበሪያውም ቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። እምቦጭ የሚፋፋው ደግሞ በዚሁ ነው! አምባዛ የሚባለው ዓሣም እንቁላሉን የሚጥለው እዚያው ጥልቀት በሌለው ሣራም ውኃ ውስጥ ነው።

ገበሬውን አልወቅስም። ውኃው ሲሸሽ የሚተወው መሬት ለም ነው፤ ማን ዝም ብሎ ያየዋል? ቢያንስ ከውኃው ጠርዝ ትንሽ ይተው። ደንገሉም ይታጨድ እንጂ ከሥሩ አይነቀል፤ ሥሩ ካለ መልሶ ያቆጠቁጣል።