የቦርከና ውሃ በጠርሙስ ሆኖ ኤግዚቢሽን ይቅረብ ወይስ አይቅረብ?

ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ የተነሳ ክርክር ነው፣ አቦል ላይ ተጀምሮ በረካም ሲጠጣ አልበረደም።

ነገሩን ያመጣው ስዕል የሚያስተምረው ጓደኛችን ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስለሚወርደውና የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚገባበት ስለ ቦርከና ወንዝ ኤግዚቢሽን እናዘጋጅ፣ ስዕልም ፎቶም ይኑረው፣ ከወንዙ የተቀዳ ውሃም በጠርሙስ እንደርድር አለ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሰራው ደግሞ ወዲያው ተቆጣ፣ "ቆሻሻ ውሃ ደርድሮ አርት ነው ማለት ምንድነው? ስንት ሰው እንጀራ የሚበላበትን ቤት ስም ለማጥፋት ካልሆነ!"

መምህሩ ግን ዝም አላለም። በ1972 እ.ኤ.አ. ሃንስ ሃከ የሚባል ጀርመናዊ አርቲስት ክሬፌልድ ከተማ ሙዚየም ውስጥ የተበከለ የራይን ውሃ አስገብቶ፣ እዛው ሰው እያየ በኬሚካል፣ በከሰልና በአሸዋ አጣርቶ አሳ አኖረበት፣ ከተማዋ በዓመት ምን ያህል ፍሳሽ ወደ ራይን እንደምትለቅም አብሮ አሳየ፣ ሙዚየሙ እኮ የራሷ የከተማዋ ነው አለ። እኔን የገረመኝ ይሄ የመጨረሻው ነው፣ የራስን ጉድ በራስ ቤት መስቀል።

ፋብሪካ የሚሰራው ትንሽ ለዘብ አለና "እሺ፣ የደሴ ሽንት ቤትና ፌስታልስ? ወንዙ እኛ ጋ ሲደርስ ንፁህ ነው እንዴ?" አለ። ለዚህ መልስ የሰጠ የለም፣ እውነቱን ነዋ።

ከኮምቦልቻ በታች ቃሉ ላይ አትክልት የሚያለሙ አንዲት እናት አብረውን ነበሩና "አንቱስ ምን ይላሉ?" አልናቸው። "እኔማ ሲጠቁር ሲሸት እተወዋለሁ፣ ጥርት ሲል ሰላጣዬን አጠጣለሁ" አሉ። መምህሩ ጥርት ያለውም ሊጎዳ እንደሚችል ነገራቸው። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚገባባቸውን ለዮሌና ወርቃ የሚባሉ ወንዞች ያጠኑ ተመራማሪዎች ለዮሌ ውስጥ ክሮሚየም አግኝተዋል፣ ቆዳ የሚለፋበት ማለት ነው፣ በአይን አይታይም፣ ውሃው ደግሞ ወደ ቦርከና ከዛም ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። እሳቸው ትንሽ አሰቡና "ታዲያ ይሄን ለሰው ሁሉ ካሳያችሁ ሰላጣዬን ማን ይገዛኛል?" አሉ።

ወላሂ ከክርክሩ ሁሉ ያስጨነቀኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ፋብሪካው ደመወዝ ይከፍላል፣ ለሳቸው ግን አልከፈለም፣ ደሴም ፍሳሿን ስትለቅ አላማከረቻቸውም፣ ነገሩ ሲወራ ግን መጀመሪያ የሚከስሩት እሳቸው ናቸው።

በኔ በኩል ኤግዚቢሽኑ ይደረግ ባይ ነኝ። ግን መጀመሪያ የሚቀመጠው ጠርሙስ ከደሴ በታች የተቀዳው ይሁን፣ ፋብሪካ የሚሰራው ወንድማችን የጠየቀው በዛ ይመለሳል። ቀጥሎ ለዮሌ ወደ ቦርከና ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ የተቀዳው ይደርደር፣ እያንዳንዱ ላይ የላብራቶሪ ውጤቱ ይፃፍበት፣ ክሮሚየምን ፎቶ አያሳየውም። ደሴ ብቻ ሳይሆን ኮምቦልቻም በገበያ ቀን ይታይ። ፎቶ ከተነሳም ፍሳሹ የሚወጣበት ቱቦ ይነሳ፣ የእኚህ እናት ማሳ ግን ሳይፈቅዱ ግድግዳ ላይ እንዳይሰቀል፣ ማጣሪያ ይሰራ ተብሎ የሚጠየቀውም ፍሳሹን የሚለቀው ነው እንጂ ሰላጣ የምትሸጠው አይደለችም።