ቸኩያለሁ

ደብረ ሲና መናኸሪያ፣ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብለን እስኪሞላ እንጠብቃለን። የእህቴ ልጅ የእንግሊዝኛ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ «ጋሼ፣ ሃሪ ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«መቸኮል።» ቀላል ጥያቄ የመጣልኝ መስሎኝ ነበር።

«ሃሪ አፕስ?»

«ቶሎ በል፣ ፍጠን።»

«አፕ ወደ ላይ አይደል እንዴ? ወዴት ነው የሚወጣው?»

ሃሪ ከ400 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ግስ ነው፤ የጣርማበርን ዳገት ግን አላየም። በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ከሚወጣ የጭነት መኪና ኋላ የተሰለፈ ሰው፣ «ፍጠን» እና «ወደ ላይ» ተጣልተው እንደሚኖሩ ያውቃል። ቃሉን ያወጣው የኛ አገር ሾፌር ቢሆን «ሃሪ ዳውን» ይለው ነበር፤ ያውም ፍሬኑን ካስፈተሸ በኋላ።

«አይ አም ኢን ኤ ሃሪ» የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። እንግሊዝ ሲቸኩል፣ ቤት እንደሚገባ ሰው ችኮላው ውስጥ ይገባል። እኛስ? «ቸኩያለሁ» ነው የምንለው። እስቲ ስሙት፦ በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ፣ ቸኩያለሁ። ያለቀለት ጉዳይ! ችኮላውን ጨርሰነዋል፤ የቀረን መነሣቱ ብቻ ነው።

ከፊታችን ጋቢ የደረቡ አባት «ኧረ ይሄን ሾፌር ጥሩልኝ፣ እኔ ቸኩያለሁ!» ብለው ተቆጡ። ወዲያው ቆሎ ለመግዛት ወረዱ። የአንዷን ልጅ ዘገን አድርገው ቀመሱና ሱፉ አነሰ አሉ። የሁለተኛዋ ገብሱ አሯል። የሦስተኛዋን አላመጡት፣ ደግመው ዘገኑ፣ ከዚያ «ጥርሴን አመመኝ» ብለው ሳይገዙ ተመለሱ። «አልተነሣንም እንዴ እስካሁን?»

ሾፌሩ «መጣሁ» ብሎ ከሄደ ቆይቷል። (በኛ አገር መጣሁ የሚለው የሚሄደው ሰው ነው፤ ይህንን ለልጁ ማስረዳት አልሞከርኩም።) ረዳቱም «የሞላ! የሞላ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ባዶውን ወንበር ብቆጥር አምስት ነው።

ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት፣ ከደብረ ብርሃን።

«የት ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል» አልኳት።

«በሉ ቶሎ ኑ፣ ቡናው ፈልቷል» አለችኝ። ከጀርባዋ ቡናው ምጣድ ላይ ሲንጣጣ ይሰማኛል።

ተመስገን፣ ሞልቶ ተነሣን። ሽቅብ ስንታገል ቆይተን ዋሻው ጋ ደረስን። በዚህ መንገድ ላይ ከልቡ የቸኮለ ቢኖር ጣሊያን ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 በነበረው ወረራ ዳገቱን ዞሮ ከማለፍ ተራራውን መብሳት ቀለለው። ቸኩሎ መጣ፣ ቸኩሎ ሄደ፣ ዋሻው ለኛ ቀረ። እኛም ውስጡ ገብተን ከጭነት መኪና ኋላ እንጎተታለን።

ከዋሻው ስንወጣ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። እህቴ እንደገና ደወለች፤ እኔም እንደገና ደረስኩላት። ልጁ እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ ከቶ ሲያስብ ቆየና፦

«ጋሼ፣ 'ደርሰናል' በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

«እሱን አስተማሪህን ጠይቅ» አልኩትና፣ ምንም ወደማይታይበት መስኮት ዞርኩ።